«ቤት ነሽ አይደል?»

«የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የሂሳብ አገልግሎት ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ነኝ። ድርጅቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤት እንድንሠራ ሲፈቅድ የመንገዱን ነገር አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም ጋር እየተኳረፍኩ ነው። መብራት ሲሄድ ከስብሰባ እወጣለሁ፤ አለቃዬ ‹አንቺ ቤት መብራት የሚጠፋው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው?› ብለው በሰው ፊት ተናገሩኝ። ካሜራ ክፈቺ ይሉኛል፤ ቤቴ ደግሞ ፊኒሺንጉ አላለቀም፣ ግድግዳው ገና ብሎኬት ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ደንበኛ እያናገርኩ ‹ልጄ፣ ወጡ አረረ› እያሉ ይገባሉ። ጎረቤቶቼ ለቡና ሲጠሩኝ ‹ሥራ ላይ ነኝ› ስላቸው ‹ቤት ነሽ አይደል?› ይሉኛል። ባለፈው ወር ቀብር ቀርቼ ‹ኮራች› ተብያለሁ። በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት መልእክት ይላካል፤ ሳልመልስ ካደርኩ ጠዋት እወቀሳለሁ። ናይሮቢ ካለ ደንበኛችን ጋር ደግሞ ሰዓት ተሳስቼ ስብሰባ አምልጦኛል። ከየት ልጀምር? — የኮዬዋ»

እህታችን፣ አለቃዎም ጎረቤቶችዎም የሚነግሩዎት ያንኑ ነው። ሁለቱም ወገን «ቤት ነሽ» ሲሉ «ሥራ ላይ አይደለሽም» ማለታቸው ነው። ቢሮ ሲውሉ ወንበርዎ ይመሰክርልዎታል፤ ቤት ሲውሉ ምስክር የለዎትም። ስለዚህ ሥራ ላይ መሆንዎን ራስዎ ማሳወቅ ይኖርብዎታል፤ ለአለቃ በጽሑፍ፣ ለጎረቤት በአፍ፣ ለአማትዎ ደግሞ በዓይን በሚታይ ምልክት።

ከመብራቱ እንነሳ። አለቃዎን ያናደዳቸው መብራቱ አይመስለንም፤ እርሳቸውም ቤት ይሄዳል። ያናደዳቸው ሰው ከስብሰባ መሐል ድንገት ጠፍቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ «መብራት ሄዶ ነበር» ብሎ መምጣቱ ነው። ይህን ቃል እውነቱን የሚናገረውም ሰበብ የሚፈልገውም እኩል ስለሚጠቀምበት ዋጋው ወርዷል። ዋጋ የሚኖረው መልእክት አራት ነገር ይይዛል፤ መቼ እንደሄደ፣ በእጅዎ ምን እንደቀረ፣ የትኛው ሥራ እንደሚዘገይ፣ እንደገና መቼ እንደሚያሳውቁ። እንዲህ፦ «መብራት 4፡20 ሄደ። ላፕቶፔ እስከ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ስብሰባው ላይ በስልክ፣ በድምፅ ብቻ እገባለሁ። የደመወዝ ማስታረቂያው ከ8 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ይዛወራል። 8 ሰዓት ላይ ያለሁበትን እነግርዎታለሁ።» ይህን ጽፈው ስልክዎ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ያን ቀን የሚቀይሩት ሰዓቱንና የሥራውን ስም ብቻ ነው። ዳታ ከሌለ በተራ ኤስኤምኤስ ይላኩት፤ ዳታ እምቢ ባለበት ቦታ ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ዋናው ነገር የገቡትን ቃል መጠበቅ ነው። 8 ሰዓት ላይ አሳውቃለሁ ብለው መብራቱ ባይመጣም፣ «አልመጣም» ብሎ 8 ሰዓት ላይ መጻፍ ግዴታዎ ነው።

ጎን ለጎን በአንዲት ደብተር ላይ ቀኑን፣ የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ለክርክር ብለው እንዳይዙት፤ «ይኸው ማስረጃዬ» ብሎ አለቃ ፊት ደብተር መዘርጋት ነገር ያከራል። ጥቅሙ ሌላ ነው። አራት ሳምንት ከመዘገቡ በኋላ እውነትም ሰኞ ሰኞ የሚጠፋ ከሆነ ሰኞን የቢሮ ቀን ያድርጉት። የአለቃዎን አሽሙር ወደ ሥራ ቀየሩት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። ራውተርዎ በብዛት ከ6 እስከ 12 ዋት ብቻ የሚፈጅ ትንሽ መሣሪያ ነው። ለእርሱ ብሎ ጀነሬተር ማስነሳት አያስፈልግም፤ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። ሊገዙ ሲሄዱ የራውተሩን አስማሚ (አዳፕተር) ይዘው ይሂዱ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ 12 ከሆነ 12፣ 9 ከሆነ 9 የሚሰጥ ቀዳዳ ላይ ነው የሚሰካው። ሚኒ ዩፒኤሱ ብዙ ቀዳዳ ስላለው በስህተት ከፍ ያለው ላይ የሰካ ሰው ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሻጩ «10 ሺህ ሚሊ አምፒር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይይዛል» ቢልዎ አይመኑ። ያ ቁጥር የሚቆጠረው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት እንጂ በ12 ቮልት አይደለም። 10,400 ሚሊ አምፒር ሰዓት ማለት ወደ 38 ዋት ሰዓት ነው፤ በመቀያየር ከሚባክነው በኋላ 31 ያህል ይቀራል። ራውተርዎ 8 ዋት ከበላ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል። መስመርዎ ፋይበር ሆኖ ከራውተሩ ሌላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሳጥን ካለች እርሷም መብራት ትፈልጋለች። ሁለቱ ተደምረው 15 ዋት ቢሆኑ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ራውተሩን አብርቶ ሳጥኗን ይረሳና «ዩፒኤሱ አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል።

ይህም ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም የመስመሩ ጣቢያ ወይም የሞባይሉ ማማ የራሱ ባትሪ ሊያልቅበት ይችላል። ደግሞም ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ከአሁኑ ሲምዎ ሌላ የሁለተኛውን ኦፕሬተር ሲም ይያዙ፤ ትንሽ ፓኬጅ ይኑርበት። የቱ ሲም በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መስኮት አጠገብ እንደሚሻል ስብሰባ በሚኖርዎት ሰዓት ይፈትሹት። ማታ የተፈተነ ኔትወርክ ለጠዋቱ አይመሰክርም።

የዳታውን ስሌት ካወቁ የካሜራው ክርክር ግማሹ ይቀላል። በድምፅ ብቻ የሚደረግ ስብሰባ በሰከንድ 80 ኪሎ ቢት ያህል ይበቃዋል፤ በሰዓት 36 ሜጋ ባይት ማለት ነው። ቪዲዮ ሲላክም ሲመጣም በየፊናው 600 ኪሎ ቢት ቢወስድ በሰዓት 540 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ አሥራ አምስት እጥፍ። መስመሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚቆራረጠው ድምፅዎ ከሆነ ያለ ጥርጥር ካሜራውን ይዝጉ። የራስዎን መዝጋት ብቻውን ካልበቃ ከሌሎች የሚመጣውን ቪዲዮም ማስቆም ይቻላል፤ በዙምም በቲምስም ምርጫው ይገኛል።

ግን ሳይናገሩ አይዝጉ። የእኛ ምክር ይህ ነው፦ ከደንበኛ ጋር የመጀመሪያ ትውውቅ ሲሆን፣ ከአለቃዎ ጋር ለብቻ ሲነጋገሩና ከባድ ወሬ ሲኖር ካሜራ ይከፈታል። ሰላምታው እስኪያልቅ፣ ሁለት ደቂቃም ቢሆን፣ ፊትዎን ያሳዩና «ኔትወርኬ ደካማ ስለሆነ ካሜራ ልዝጋ» ብለው ይዝጉ። አሥር ሰው አንድ ሰው የሚሰማበት ስብሰባ ላይ ካሜራ የሚያስከፍት ምክንያት አይታየንም፤ አለቃዎ ከፈለጉ ግን የእርሳቸው ስብሰባ ነው።

ብሎኬቱ ነውር የለውም። ነውሩ ከጀርባ የተሰጣ ልብስና ያልተነጠፈ አልጋ ነው። ከመቀመጫዎ አንድ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥ ቀለም ያለው መጋረጃ ይስቀሉ፤ አበባ የበዛበት ጨርቅ በካሜራ ይረብሻል። መስኮቱ ከፊትዎ ይሁን። ከጀርባዎ ከሆነ ካሜራው ለብርሃኑ ይስተካከልና ፊትዎን ጥላ ያደርገዋል። ላፕቶፑን በሦስት አራት ወፍራም መጻሕፍት ወይም በካርቶን ከፍ አድርገው ካሜራውን ከዓይንዎ እኩል ያምጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ደንበኛው የሚያየው አገጭዎንና ኮርኒሱን ነው፤ ኮርኒሱም ገና ያልተሠራ ከሆነ አስቡት። ፕሮግራሙ የሚሰጠውን የውሸት ቢሮና የባሕር ዳርቻ ሥዕል ይተዉት። ላፕቶፑን ያደክማል፣ ባትሪ ይበላል፣ ፀጉርዎንም እየቆረጠ ያሳያል። በክረምት ኮዬ እንደሚበርድ እናውቃለን፤ ሹራብ ደንብ ነው፣ ጋቢው ግን ካሜራ ሲዘጋ ይደረብ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ደንበኛ የደበዘዘ ፊት ይታገሣል፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ግን አሥር ደቂቃም አይታገሥም። ፊኒሺንጉ ያላለቀ ክፍል የሚያስተጋባው ባዶ ግድግዳና ባዶ ወለል ድምፁን ስለሚመልሱት ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከፊትዎ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ማንጠልጠል ልዩነቱን ያሰማዎታል። የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ (ስፒከር) አይጠቀሙ፤ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይኩ ስለሚገባ ሰውየው የራሱን ንግግር ይሰማል። ገመድ ያለው ርካሽ ማዳመጫ ይበቃል፤ ማይኩ ግን ልብስዎን እየፋቀ እንዳይንኮሻኮሽ ያዙት። ባለቤትዎም ከቤት የሚሠራ ከሆነ ሁለታችሁ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ስብሰባ አትግቡ።

ማይክዎ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ ሲናገሩ ብቻ ይክፈቱት። በዙም ማይኩ ተዘግቶ ሳለ የቦታ መዝለያዋን ረጅም ቁልፍ (ስፔስ ባር) ተጭነው እስከያዙ ድረስ ይናገራሉ፣ ሲለቁ ይዘጋል። ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ቤት ከዚህ የተሻለ መላ የለም፤ ቆራሌው ሲጮህ፣ ውሻ ሲጣላ፣ ታች ያለው ጎረቤት በርሜሉን ሲያንኳኳ ጣት ማንሳት ብቻ ነው። ለአዛንና ለቅዳሴ ድምፅ ይቅርታ አይጠይቁ፤ ዝም ብለው ማይኩን ይዝጉ። ላይኛው ፎቅ ግን ግድግዳ የሚቦረቡር ካለ ሠራተኞቹን «ድምፅ ቀንሱ» ማለት ዋጋ የለውም። ጠዋት ይውጡና «ከ4 እስከ 5 ሰዓት ስብሰባ አለኝ፤ በዚያች አንድ ሰዓት ቀለሙን ወይም ልስኑን ብትሠሩልኝ» ይበሉ። ሰዓት ተቆርጦ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። የውኃ ፈረቃዎ ቀንም እንደዚሁ ቀድሞ ይታሰብ፤ ሮቶ ሲሞላ መሮጥና ደንበኛ ማነጋገር አብረው አይሄዱም።

ወደ አማትዎ እንምጣ። «ስብሰባ ላይ ነኝ» ቢሏቸው አይገባቸውም፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው አያዩማ! ማዳመጫው ምልክት ይሁን። «እማማ፣ ይሄ ጆሮዬ ላይ ካለ አለቃዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነው» ይበሏቸውና አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድምፁን ያሰሟቸው። ሰው መኖሩን በጆሯቸው ሲሰሙ ነገሩ ይለወጣል። በር ላይ ነጠላ ማንጠልጠልም ይሆናል፤ ነጠላው ካለ አይገባም፣ እሳት ካልተነሣ በቀር። ስብሰባው ከመጀመሩ ከአሥር ደቂቃ በፊት ደግሞ ራስዎ ወጥተው ምድጃው ላይ ያለውን ይዩ። እውነቱን ለመናገር፣ ወጥ ጥደው ስብሰባ መግባትዎ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። አማትዎ ድንገት ከገቡ አይቆጡ፣ አያባርሯቸው። ማይኩን ዘግተው በአንድ ቃል ይመልሱና «ይቅርታ፣ ቀጥሉ» ይበሉ። አማትን በደንበኛ ፊት መገላመጥ ከወጡ ማረር የከፋ መጥፎ ስም ያሰጣል።

ጎረቤቶችዎ ዘንድ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው ሦስተኛ ጊዜ ሲደጋገም ትዕቢት ይመስላል። እምቢታውን በሌላ ሰዓት ይተኩት፦ «አሁን እስከ 11 ሰዓት ተይዣለሁ፤ ማክሰኞ 11 ሰዓት ቡናው እኔ ቤት ነው።» ያሉትንም ያፍሉ። አንዴ በእርስዎ ቤት በተቆረጠ ሰዓት ቡና ከተጠጣ የሥራ ሰዓትዎን ሰፈሩ ራሱ ያውጅልዎታል። በሥራ ሰዓት በር ከተንኳኳ ተቀምጠው «ግቡ» አይበሉ። በሩን ከፍተው ቆመው ያናግሩ፤ የቆመ ሰው ጋር ወሬ አይረዝምም።

ቀብር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጎረቤቶችዎ እውነት አላቸው። የቅርብ ዘመድ ሲሞት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጎረቤት ቀብር በዚህ ውስጥ አይገባም፤ እድሩ ግን ይቆጥራል። ስለዚህ በግልጽ ይጠይቁ፦ «ዛሬ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ቀብር አለብኝ፤ ሰዓቱን ዛሬ ማታ እስከ 2 ሰዓት እተካለሁ።» አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አለቃ ለቀብር እምቢ አይልም። የሚያስቀይመው ሳይናገሩ ወጥቶ፣ ስልኩ ሲደወል ከኋላ የልቅሶ ድምፅ ሲሰማ ነው። ቀብሩን ማድረስ ካልቻሉ ማታ ሄደው ይቀመጡ፤ ባዶ እጅዎን ብቻ አይሂዱ።

ስለ ቴሌግራሙ። ይኸው አዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፣ ክፍያም አለው። አንቀጽ እየጠቀሱ ግሩፕ ላይ መጻፍ ግን አንመክርም። ግሩፑን ድምፁን ይዝጉት፤ በስምዎ የተጠሩበትና ለእርስዎ የተመለሰ መልእክት ድምፁ ቢዘጋም ይደርስዎታል። በስምዎ ከተጠሩ «ደርሶኛል፣ ጠዋት 2፡30 እይዘዋለሁ» ብለው ያቁሙ። ያንን ሥራ በዚያው ሌሊት ሠርተው ከላኩ ግን ከነገ ጀምሮ የሥራ ሰዓትዎ እስከ ምሽቱ 5 መሆኑን ራስዎ ፈረሙ ማለት ነው። ማታ ከሠሩም ይጻፉና የመላኪያዋን ቁልፍ ጫን ብለው ይያዙ፤ መልእክቱን ለጠዋት ቀጠሮ የሚያስይዝ ምርጫ ይመጣል።

በተረፈ «ሰላም» ብቻ ጽፈው መልስ አይጠብቁ፤ ሰላምታውንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት ይላኩ። ገንዘብ ያለበትን ነገር በድምፅ መልእክት አይላኩ፤ ከወር በኋላ ቁጥሩን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። የላኩት ቁጥር ስህተት ከሆነ፣ ቴሌግራም እስከ 48 ሰዓት ማረም ቢፈቅድም፣ ዝም ብለው አይቀይሩት። የመጀመሪያውን አይቶ የመዘገበ ሰው ሊኖር ይችላል፤ «ቀድሞ የላክሁት ተሳስቷል፣ ትክክለኛው ይህ ነው» ብለው አዲስ ይጻፉ።

ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ናት፤ ያሳሳትዎ ርቀቱ ሳይሆን አቆጣጠሩ ነው። እነርሱ «9» ብለው የጻፉት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ከሰዓት በኋላ 9 ብለው ያዙት። (የሚገርመው፣ በስዋሂሊ ሲነጋገሩ እነርሱም እንደኛ ከንጋት ይቆጥራሉ፤ ኢሜይል ላይ ግን አይሞክሩት።) ከእንግዲህ ሰዓት ሲቀጥሩ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በእናንተ 9፡00» ብለው ሁለቱንም ይጻፉ። ቀኑም እንዲሁ ያጠምዳል። ሰኔ 5 በእነርሱ ጁን 12 ነው፤ ጁን 5 ደግሞ በእኛ ግንቦት 28። «5/6» ተብሎ የተጻፈ የማስረከቢያ ቀንማ፣ ስድስተኛው ወር በእነርሱ ጁን፣ በእኛ የካቲት ስለሆነ፣ በወራት ሊያዛንፍዎ ይችላል፤ የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ። ላመለጠው ስብሰባ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ሰዓቱን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ፣ እነዚህ ሁለት ሰዓቶች ይመቹዎታል? የኢትዮጵያን አቆጣጠር ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ያልጠየቁን ነገር አለ። በእጅዎ ያለው የሌላ ሰው ደመወዝ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው የጨዋነት ብቻ አይደለም። ከወንበር ሲነሡ ዊንዶውስ ቁልፍና «ኤል»ን በአንድነት ይጫኑ፤ ስክሪኑ ይቆለፋል። የደመወዝ ዝርዝር በፍላሽ ይዘው ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አያሳትሙ፤ ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፣ ቫይረሱ ደግሞ ወደ እርስዎ ይመጣል። ይታተም የተባለ ወረቀት ለቢሮ ቀን ይቆይ። መብራት ጠፍቶ ካፌ ቢገቡም የደንበኛ ስምና ቁጥር ጮክ ብለው አይጥሩ፤ ለሰኩበት መብራትም በየሰዓት ተኩሉ አንድ ነገር ይዘዙ።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ ከአለቃዎ። በሚቀጥለው የቢሮ ቀንዎ ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ 15 ደቂቃ ይጠይቋቸው። ስለ ሰኞው አሽሙር አያንሱ። በግማሽ ገጽ ላይ አራት ነገር ጽፈው ይሂዱ፦ ከቤት ስሠራ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እገኛለሁ፣ መብራት ሲሄድ በምን መንገድ በስንት ደቂቃ ውስጥ አሳውቃለሁ፣ ካሜራ የሚከፈተው በየትኞቹ ስብሰባዎች ነው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በእውነት አስቸኳይ የሆነ ነገር ካለ በስልክ ይደወልልኝ። ሲስማሙ ያንኑ ወረቀት በኢሜይል ይላኩላቸው። ሚኒ ዩፒኤሱን ድርጅቱ እንዲገዛ መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን በዚያው ቀን ሳይሆን ከወር በኋላ፣ መልእክትዎ በሰዓቱ ሲደርስ ካዩ በኋላ ይሁን።